ወንበሩን የሚሰጠው ማን ነው?

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቶ አሸናፊዎቹ መንግሥታት ፓሪስ ላይ የሰላሙን ውል ሲያረቁ፣ በኤፕሪል 1919፣ ጥቂት ሴቶች የመንግሥታቱን ማኅበር ሕግ በሚጽፈው ኮሚሽን ፊት ቀረቡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ውድሮው ዊልሰን ነበሩ። ሴቶቹን የላኳቸው በተባባሪዎቹ አገሮች ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ማኅበራት ናቸው፤ ከመካከላቸው ፈረንሳውያኑ በገዛ አገራቸው ድምፅ እስኪሰጡ ገና ሩብ ምዕተ ዓመትና ሌላ የዓለም ጦርነት ይጠብቃቸው ነበር። በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ቦታ አልተሰጣቸውም፤ ያላቸውን ተናግረው ተሸኙ። ያም ሆኖ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 7ኛ አንቀጽ፣ በማኅበሩ ያለው የሥራ ቦታ ሁሉ፣ ጽሕፈት ቤቱንም ጨምሮ፣ ለወንድም ለሴትም እኩል ክፍት መሆኑን ደነገገ። ይህ ደግሞ ከአባል አገሮቹ ብዙዎቹ በገዛ መሥሪያ ቤቶቻቸው እንኳ ያልፈቀዱት ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መቶ ዓመት በቅደም ተከተል ለተከታተለ ሰው አንድ ነገር እየተደጋገመ ይታየዋል። «ክፍት ነው» የሚለው ድንጋጌ በየዘመኑ እየታደሰ ተጽፏል፤ ብቻውን ያስገባው ሰው ግን ጥቂት ነው። ለውጥ የመጣው ሕጉ ለሴቶች ፈቃድ መስጠቱን አልፎ መራጮቹን፣ ማለትም እጩ የሚያቀርቡትንና ድምፅ የሚሰጡትን መንግሥታት፣ በግዴታ ሲያስር ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ ማስረጃውም ከጄኔቫ ይጀምራል።

የማኅበሩ መቀመጫ በነበረችው ጄኔቫ 7ኛው አንቀጽ ያስገኘው የመጀመሪያ ትልቅ ሹመት የእንግሊዛዊቷ ሬቸል ክራውዲ ነው። በጦርነቱ ወቅት የነርሶችን አገልግሎት ያደራጁት እኚህ ሴት በሴቶችና ሕፃናት ንግድ፣ በኦፒየምና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ የሚሠራውን ክፍል ከ1919 እስከ 1931 መርተዋል። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል የመሩ ብቸኛዋ ሴት ናቸው፤ እሱም ቢሆን ወንዶቹ ባልደረቦቻቸው «ዳይሬክተር» ሲባሉ እሳቸው «የክፍል ኃላፊ» እየተባሉ ነው። በጦርነቱ ከተሸነፉት ከጀርመንና ከኦቶማን የተወሰዱ ግዛቶችን አስተዳደር በሚከታተለው የሞግዚትነት ኮሚሽን ውስጥም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የሕግ ትምህርት የነበራቸው ስዊድናዊቷ አና ቡጌ ዊክሴል በ1921 ብቸኛዋ ሴት አባል ሆነው ገቡ። በ1928 ሲሞቱ በቦታቸው ኖርዌያዊቷ ቫለንቲን ዳኔቪግ ተተኩ። አንዲት ሴት ወጣች፣ አንዲት ሴት ገባች፤ ሁለተኛ ወንበር ግን አልተገኘም። ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 1923 ማኅበሩን ስትቀላቀል ዙፋኑ ላይ የነበሩት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው፤ ጄኔቫ የደረሰው ልዑክ ግን የወንዶች ነበር። ዙፋን በዘር ይወረሳል፤ የጄኔቫ ወንበር ግን የሹመት ነውና ሿሚው የፈቀደው ይቀመጥበታል።

ወንበር የሌለው ሰው ምን እንደሚያጣ በግልጽ የታየው በ1930 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ላይ መንግሥታት ዓለም አቀፍ ሕግን በጽሑፍ ለማጠናቀር ሄግ ተሰበሰቡ፤ ከአጀንዳዎቹ አንዱ ዜግነት ነበር። በወቅቱ በብዙ አገር ሕግ ሴት የውጭ ዜጋ ስታገባ ዜግነቷ በባሏ ይተካል፤ ባሏ ዜግነት ሲቀይር እሷም ትቀየራለች፤ የሁለቱ አገሮች ሕግ ካልተገጣጠመ ደግሞ አገር አልባ ሆና ትቀራለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የኛ ተረት እዚያ የዓለም አቀፍ ሕግ ቋንቋ ለብሶ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። አሊስ ፖልና ዶሪስ ስቲቨንስን የመሰሉ አሜሪካውያን ታጋዮች ሄግ ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ ከየአገሩ የመጡ ሴቶችም ተቃውሞ አሰሙ። የወጣው ስምምነት ግን የሚስትን ዜግነት ከባሏ ጋር ያሰረውን መርሕ አልነካም፤ አገር አልባነቱን ብቻ በጥቂቱ ጠጋገነ። በዚያው ዓመት በጁላይ የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግም ከዘመኑ አልተለየም። ኢትዮጵያዊን ያገባች የውጭ ሴት ኢትዮጵያዊት ትሆናለች፤ የውጭ ዜጋ ያገባች ኢትዮጵያዊት ደግሞ የባሏን ዜግነት የምታገኝ ከሆነ የራሷን ታጣለች ይላል። ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ የተተካው በ2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ ነው። ሰባ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ከሄጉ ሽንፈት በፊት ግን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። የላቲን አሜሪካና የአሜሪካ ሴቶች በ1928 ሃቫና ላይ በተካሄደው የአሜሪካ አገሮች ጉባኤ ተሟግተው የአሜሪካ አገሮች የሴቶች ኮሚሽን እንዲቋቋም አድርገው ነበር። ኮሚሽኑ መንግሥታት ያቋቋሙት ሆኖ ለሴቶች ጉዳይ ብቻ የሚሠራ የመጀመሪያው አካል ነው፤ ረቂቅ የሚያዘጋጁትም ሴቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ሄግ ላይ በር የተዘጋበት ሐሳብ በዲሴምበር 1933 ሞንቴቪዴዮ ላይ ውል ሆኖ ተፈረመ፤ በዜግነት ጉዳይ በፆታ ምክንያት ልዩነት አይደረግም የሚል አጭር ስምምነት። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከአራት ዓመት ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሕግ ሊቃውንት ሐሳባቸውን በድንገት አልቀየሩም፤ የተቀየረው ረቂቁን የሚጽፈው ሰው ነው።

ከእነዚህ ሴቶች ላቲን አሜሪካውያኑ ናቸው በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዋናውን ፍልሚያ ያካሄዱት። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ላይ ፊርማቸውን ካኖሩት 160 ሰዎች ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ፦ የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሚኔርቫ ቤርናርዲኖ፣ የብራዚሏ ቤርታ ሉትዝ፣ የቻይናዋ ዉ ዪፋንግና የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ጊልደርስሊቭ። ሉትዝ የእንቁራሪት ዝርያዎችን የሚያጠኑ የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ሕግም ተምረዋል፤ ብራዚል በ1932 ለሴቶች የመምረጥ መብት እንድትሰጥ ያደረገውን ትግልም መርተዋል። እሳቸውና ቤርናርዲኖ፣ አውስትራሊያዊቷን ጄሲ ስትሪትን ከመሰሉ ጋር ሆነው፣ የሴቶች እኩልነት በቻርተሩ በስም እንዲጻፍ ሲጠይቁ፣ ተቃውሞው የመጣው ካልጠበቁት አቅጣጫ ነው። የአንድ ታዋቂ የሴቶች ኮሌጅ ዲን የነበሩት ጊልደርስሊቭም ሆኑ የእንግሊዝ ልዑክ ሴቶች ነገሩን አያስፈልግም አሉ። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም። ቻርተሩ ማንንም በፆታ አላገለለም፤ ታዲያ ያልተከለከለን ነገር ተፈቅዷል ብሎ መጻፍ ለሴቶች ልዩ ውለታ መጠየቅ አይመስልም ወይ? ሉትዝና ጓደኞቻቸው ግን ያልተጻፈ ሁልጊዜ ለወንድ እንደሚተረጎም ከየአገራቸው ሕግ ያውቁ ነበር። በመጨረሻ መግቢያው ላይ የወንዶችና የሴቶች እኩል መብት ተጠቀሰ፤ 8ኛው አንቀጽም ድርጅቱ በየትኛውም አካሉ ውስጥ ወንዶችና ሴቶች በእኩልነት እንዳይሳተፉ ገደብ አያደርግም አለ። የሴቶች እኩልነት ምዕራባውያን ለቀረው ዓለም የላኩት ስጦታ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥም፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማን ጠየቀ፣ ማን ተቃወመ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ በዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ላይም እንዲሁ ሆነ። የአንደኛው አንቀጽ ረቂቅ በእንግሊዝኛው «ወንዶች ሁሉ» ተብሎ የሚነበብ ነበር፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ኤሊኖር ሩዝቬልት በዚህ ብዙም ችግር አላዩም፤ ሕንዳዊቷ ሃንሳ መህታ ግን አላለፉትም።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ 8ኛው አንቀጽም የ7ኛው ታናሽ ወንድም ነው። ገደብ አይደረግም ይላል እንጂ ማንም ሴት ይምረጥ አይልም። ውጤቱ በደንብ የሚለካው እዚያው ሄግ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው። ለ15ቱ የዳኝነት ወንበሮች እጩ የሚያቀርቡት በየአገሩ ያሉ፣ ሕዝቡ ቀርቶ ብዙ የሕግ ባለሙያ እንኳ ስማቸውን የማያውቀው፣ ቢበዛ አራት አራት አባላት ያሏቸው ብሔራዊ ቡድኖች ናቸው። ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤውና የጸጥታው ምክር ቤት ናቸው። የፍርድ ቤቱ ደንብ መራጮች የዓለምን ዋና ዋና ሥልጣኔዎችና የሕግ ሥርዓቶች ውክልና ልብ እንዲሉ ያሳስባል፤ ስለ ፆታ ግን ዝም ብሏል። ዝምታው ምን እንደወለደ ቁጥሩ ይናገራል። እንግሊዛዊቷ ሮዛሊን ሂጊንስ በ1995 የመጀመሪያዋ ቋሚ ሴት ዳኛ ሆነው ሲመረጡ ቻርተሩ ከተፈረመ 50 ዓመት ሞልቶታል። ከ2006 ጀምሮ ፕሬዝዳንት ሆነው ፍርድ ቤቱን መሩ፤ በ2009 መጀመሪያ ሲሰናበቱ ደግሞ ቻይናዊቷ ሹዌ ሃንቺን በ2010 አጋማሽ እስኪገቡ ድረስ በችሎቱ ላይ አንዲትም ሴት አልነበረችም። መንግሥታት የሚመርጧቸው የሕግ ሊቃውንት የሚሰበሰቡበት ዓለም አቀፍ የሕግ ኮሚሽንም ከ1949 ጀምሮ ሲሰበሰብ ሁለት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡለት በ2001 ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳው መልስ አለ፦ በዚያን ዘመን ለዚያ ደረጃ የሚበቁ ሴቶች ከየት ይመጣሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሴቶች የሕግ ትምህርት በብዙ አገር ዘግይቶ መጀመሩም እውነት ነው። ይሁንና የሱዛን ባስቲድ ታሪክ ይህን መልስ ያፈርሰዋል። ፈረንሳዊቷ ባስቲድ በአገራቸው የዓለም አቀፍ ሕግ ፕሮፌሰር ከሆኑ ቀዳሚ ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ ከ1950 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት አስተዳደር ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ለዓመታትም ፕሬዝዳንቱ ነበሩ። ዳኝነቱን ችለው፣ አስመስክረው፣ በዚያው ድርጅት ጣሪያ ሥር ሠርተውታል። በሄጉ ፍርድ ቤት የፈረንሳይ ወንበር ግን ከ1946 እስከ 1964 የአባታቸው የዡል ባዴቫን ነበር፤ ከእሳቸው በኋላም ወደ ሌሎች ወንዶች አለፈ። ልጃቸው ሄግ ችሎት ላይ የተቀመጡት በ1980ዎቹ፣ ቱኒዚያ በሊቢያ ላይ ባቀረበችው ጉዳይ፣ ለዚያ አንድ ክርክር ብቻ ተሰይመው ነው፤ የሰየመቻቸውም ቱኒዚያ ናት። የችሎታ እጥረት ቢሆን ኖሮ ቱኒዚያ ከየት አገኘቻቸው?

1970ዎቹ በፍጥነት የሚታለፉ ዓመታት አይደሉም፤ ለዚህ ክርክር ግን አንድ ነገር ብቻ እንውሰድላቸው። በዲሴምበር 1979 የጸደቀው፣ በሴቶች ላይ የሚደርስን አድልዎ ሁሉ ለማስወገድ የወጣው ስምምነት፣ ኢትዮጵያም በ1981 ያጸደቀችው፣ 8ኛው አንቀጹ ላይ መንግሥታት ሴቶች አገራቸውን በዓለም አቀፍ መድረክ የመወከልና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥራ የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኙ እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዛል። ስለዚህ ከ1981 በኋላ ጉዳዩ ላጸደቁት አገሮች የበጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የውል ግዴታ ሆኗል። ግን የትኛው መንግሥት፣ ለየትኛው ወንበር፣ ስንት ሴት እንዳላቀረበ በዚህ አንቀጽ ተጠይቆ መልስ ሲሰጥ ብዙም አልታየም። ሁሉም ግዴታ አለበት፤ የትኛውም ምርጫ በዚያ ግዴታ አልተመዘነም።

ሴት ዳኛ መኖሯ ለፍርዱ ምን ይጨምራል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የተፈተነው ከኛ ብዙም በማይርቀው በአሩሻ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ለሩዋንዳ ጭፍጨፋ ያቋቋመው ፍርድ ቤት የታባ ኮሙን ከንቲባ በነበረው በዣን ፖል አካዬሱ ላይ በጃንዋሪ 1997 ክርክር ሲጀምር፣ የክስ ማመልከቻው ስለ መደፈር አንዲት ቃል አልያዘም ነበር። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ደቡብ አፍሪካዊቷ ናቫኔተም ፒላይ ናቸው። «ምስክር ጄ» ተብላ ስሟ የተሸፈነ ሴት ለሌላ ነገር ስትመሰክር የስድስት ዓመት ልጇ በታጣቂዎች መደፈሯን አነሳች። ከዳኞቹ ወንበር ጥያቄ ተከተለ፤ ሌላ ምስክር፣ «ኤች» የተባለችው፣ ራሷ ላይ የደረሰውን ተናገረች፤ የኮሙኑ ጽሕፈት ቤት ግቢም ከድርጊቱ ቦታዎች አንዱ እንደነበር ወጣ። የሴቶች መብት ተሟጋቾች ክሱ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ጠየቁ። በጁን 1997 ዐቃቤ ሕግ ክሱን አሻሻለ፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 የተነበበው ፍርድም አካዬሱን ጥፋተኛ ሲያደርግ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰነ። ይህን ሁሉ ለአንዲት ዳኛ መስጠት ስህተት ነው፤ ሰብሳቢው ሴኔጋላዊው ላይቲ ካማ ነበሩ፣ ፍርዱም የሦስቱም ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምስክሮቹ ድፍረት አለ። ሆኖም በኑረምበርግ ችሎት ስለ መደፈር ማስረጃ ቀርቦ እንደነበርና የተቀመጡት ዳኞች ሁሉ ወንዶች እንደነበሩ፣ ወንጀሉም በዚያ ችሎት ቻርተር ውስጥ በስሙ እንዳልተጠቀሰ ስናስታውስ፣ ምስክር ስትናገር ተከታዩን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

አካዬሱ ከተፈረደበት ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 1998፣ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው ሕግ ሮም ላይ ጸድቆ ነበር። በሴቶች ማኅበራት ግፊት 36ኛው አንቀጽ የወንድና የሴት ዳኞችን ፍትሐዊ ውክልና መራጮች ግምት ውስጥ እንዲያስገቡ አዘዘ። እስከዚህ ያለው ከቀድሞው ብዙ አይለይም። የተለየው ከዚያ በኋላ የአባል አገሮቹ ጉባኤ ያወጣው የምርጫ ሥነ ሥርዓት ነው፦ በመጀመሪያው ምርጫ እያንዳንዱ መንግሥት በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ቢያንስ ለስድስት ሴቶችና ቢያንስ ለስድስት ወንዶች ድምፅ ካልሰጠ ወረቀቱ አይቆጠርም። በፌብሩዋሪ 2003 ከተመረጡት 18 ዳኞች ሰባቱ ሴቶች ሆኑ፤ ፒላይም ከእነሱ አንዷ ነበሩ። አሁን ይህንን በሐምቡርግ ካለው የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ጋር እናስተያየው። እሱም የተቋቋመው በዚያው አሥርተ ዓመት፣ በ1996፣ ነው፤ ደንቡ ግን ስለ ፆታ ምንም አይልም። 21ዱም ወንበሮች ለወንዶች ሄዱ፤ የመጀመሪያዋ ሴት፣ አርጀንቲናዊቷ ኤልሳ ኬሊ፣ የተመረጡት በ2011 ነው። የሁለቱ ፍርድ ቤቶች አባላት አንድ እንዳልሆኑ፣ የባሕር ሕግም ጠበብ ያለ ሙያ እንደሆነ አልክድም። ግን በሁለቱም ምርጫ ላይ ብዙዎቹ ያው መንግሥታት፣ ያው ሚኒስቴሮች ነበሩ። እጃቸው ሲያዝ ሴቶች አገኙ፤ ሲለቀቅ አላገኙም።

እጅ ማሰር ግን ዋጋ አለው፤ ይህም ተቃውሞ በክርክር መልክ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት መንግሥታት ሦስት ሦስት እጩ ያቀርባሉ፤ የአውሮፓ ምክር ቤት ፓርላማ በ2004 ሴት የሌለችበት ዝርዝር አልቀበልም አለ። ትንሿ ማልታ ፈልጌ አላገኘሁም ብላ ሦስት ወንዶች ላከች፣ ተመለሰባትም። ጉዳዩ ራሱ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ቀርቦ በፌብሩዋሪ 2008 የምክር አስተያየት ተሰጠበት፤ በፍርድ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አስተያየቱ ሚዛናዊ ነበር ብዬ አስባለሁ፦ ደንቡ ሕጋዊ ነው፣ ነገር ግን አገሩ በእርግጥ ሞክሮ ብቁ ሴት ካጣ የመውጫ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። ፈልጎ ማጣትና ሳይፈልጉ ማጣት የተለዩ መሆናቸው በሕግ የተመዘገበው ያኔ ነው።

ሌላው፣ ከዚህም የጠለቀው ተቃውሞ ቁጥር ሥልጣን አይደለም፣ ዳኛም በሕጉ እንጂ በፆታው አይፈርድም የሚለው ነው። ለዚህ በሄጉ ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 የሆነውን ማየት ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ እስራኤልን በከሰሰችበት ጉዳይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሲሰጥ ችሎቱን የመሩት አሜሪካዊቷ ጆአን ዶኖሁ ነበሩ። እሳቸው፣ ሹዌና አውስትራሊያዊቷ ሂላሪ ቻርልስዎርዝ ትእዛዞቹን ደገፉ፤ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ዳኛ፣ ዑጋንዳዊቷ ጁሊያ ሴቡቲንዴ፣ በሁሉም ላይ ተቃወሙ። አራት ሴቶች አንድ ድምፅ አልሆኑም፤ ይሆናሉ ብሎ የጠበቀም ካለ የሴቶችን ውክልና ጥያቄ በደንብ አልተረዳውም። ወንዶቹ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሲለያዩ ወንበራቸውን ለምን ያዙት ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

አፍሪካ በዚህ ሂደት ከኋላ የመጣች አይደለችም። የአፍሪካ ኅብረት ሲመሠረት የኮሚሽኑ አሥር አመራሮች አምስቱ ሴቶች እንዲሆኑ ወስኖ በ2003 ማፑቶ ላይ አምስት ሴቶች መረጠ፤ የተባበሩት መንግሥታት ያንን ያህል የደፈረ ውሳኔ በወቅቱ አልነበረውም። በጁላይ 2012 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። እንዲህ ያለ የግማሽ ለግማሽ ስሌት ከሌለ ምን ሊሆን እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ ኒው ዮርክ አሳይታለች።

የድርጅቱ ዋና ጸሐፊዎች እስከ ዘጠነኛው ድረስ ሁሉም ወንዶች ናቸው። በዲሴምበር 2015 ለዘጠነኛው ምርጫ የወጣው ደብዳቤ መንግሥታት ወንዶችን ብቻ ሳይሆን ሴቶችንም እጩ አድርገው እንዲያቀርቡ አበረታታ፤ መንግሥታትም ሰሙ። ከ13 እጩዎች ሰባቱ ሴቶች ነበሩ፤ የዩኔስኮዋ ኢሪና ቦኮቫና የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሄለን ክላርክ ከእነሱ መካከል ናቸው። እጩ ጠፋ የሚለው ሰበብ ያን ዓመት አልሠራም። የተመረጡት አንቶኒዮ ጉተሬዝ በሁሉም የሙከራ ድምፅ ስለመሩ ብቃት አሸነፈ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ሰውየው ብቁ መሆናቸውንም የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ያ የሙከራ ድምፅ የተሰጠው በዝግ ስብሰባ፣ በ15 አምባሳደሮች ነው፤ ከእነሱም አምስቱ ማንንም እጩ ማስቀረት የሚችሉ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ከ15ቱ ሴቷ የአሜሪካዋ ሳማንታ ፓወር ብቻ ነበሩ። ደብዳቤው የተጻፈው ለአቅራቢዎች ነበር። ለመራጮቹ፣ በ2003 የወንጀል ፍርድ ቤቱ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ያለ ግዴታ፣ አልተጻፈላቸውም።